ስካውቱ የተኛበት ቦታ

በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር ካምፕ በእግሩ ተነስቶ ግጭ ካምፕ የደረሰ ጎብኚ ጉልበቱ ዝሏል። ሰዓቱ 10 ገደማ ነው። ዓይኑ የሚያርፈው ከጅረቱ ዳር ባለችው ረባዳ መስክ ላይ ነው፤ ነፋስ አይደርስባትም፣ ሣሯም ፍራሽ ይመስላል። «እዚህ እንትከል» ይላል። አስጎብኚው ራሱን ይነቀንቃል።

ሥራ በጀመረበት ዓመት ግን አልነቀነቀም። እንግዳን ማስከፋት ነውር መስሎት ድንኳኑን እዚያው አስተከለ። ማታ ነፋሱ ጸጥ ሲል ብርዱ መጣ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ተዳፋቱን ይዞ እንደ ውኃ ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ሲነጋ የድንኳኑ ሸራ አመዳይ ለብሶ እንደ ቆዳ ደርቋል፣ የጠርሙሱ ውኃ በረዶ ሆኗል፣ እንግዳውም አያናግርም። ጓዙን የሚያጅበው የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ስካውቱስ? ሃምሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ በአስታ ቁጥቋጦ ተጠልሎ፣ በጋቢው ተጠቅልሎ አድሮ አሁን ጠመንጃውን ታቅፎ ፀሐይ ይሞቃል።

አስጎብኚው የሙያውን ግማሽ የተማረው ያን ዕለት ጠዋት ስካውቱን በመጠየቅ ነው።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድንኳን የሚተከለው በተወሰኑት ካምፖች ስለሆነ ምርጫ የሌለ ይመስላል። ምርጫው ያለው ግን በካምፑ ውስጥ ነው። ከረባዳው ጥቂት ከፍ ማለት፣ ከሸንተረሩ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ማለት፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘውን ጥግ መያዝ። ጓሳው በአንድ አቅጣጫ የተኛ ከሆነ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ሣሩ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ በፊት ግን የከፍታው ጉዳይ አለ። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ጥንቃቄ ነው። መኪና መንገዱ እስከ ጨነቅ ካምፕ ስለሚዘልቅ ግን የቸኮለ ጎብኚ ከደባርቅ ከተማ በአንድ ቀን እዚያ ይወጣል፤ ሌሊቱን ጭንቅላቱን ይዞ ያድራል። አስጎብኚው ከዚህ ችኮላ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

ግጭ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ምስር ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ በቅሎዎቹና ወጥ ሠሪው ከእግረኞቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ድንኳኑም 12 ሰዓት ላይ ሳይጨልም ይቆማል። ድሮ የዘገየ ቡድን የግጭን መንደር ተስፋ ያደርግ ነበር። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ በር የሚያንኳኩበት ቤት የለም።

ጨነቅ ላይ ጣጣው ሌላ ነው። እዚያ ሁሉም ገደሉ አፋፍ ላይ ማደር ያምረዋል። ገደል ላይ የሚያድረው ጭላዳ ነው፤ ነብርና ጅብ ፈርቶ። ለሰው ግን ሌሊት ለሽንት መውጣት አለ፣ ጉምም አለ። ቁራውም ክፍት የተተወ ምግብ አያልፍም።

አምቢቆ ካምፕ ሲደረስ እይታ የሚጠይቅ የለም። ራስ ደጀንን ለመውጣት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። አስጎብኚው እዚያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድንኳኖቹ ገመድ ወደ መውጫው መንገድ እንዳይዘረጋ። ማታ በባትሪ እየዞረ ገመዶቹን ይቆጥራል፤ ስካውቱ ግን ቦታውን ይዞ ተኝቷል።