ጎማው ሲረዝምና ሲቀጥን ውሃው ለምን ያንሳል?

ጓሮአቸውን በጎማ የሚያጠጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «በርሜሉ ሙሉ ነው፤ ጎመኑ ጋ ሲደርስ ግን ይንጠባጠባል። የት ሄደ?» ይላሉ። ከምናስተምራቸው እናቶች አንዷ ደግሞ፥ «ልጆቼ፥ ውሃም እንደኔ መንገድ ይደክመዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሳቅን። አባባላቸው ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ውሃው መንገድ ላይ አልጠፋም። ጎማው ካልተቀደደ በስተቀር፥ በአንዱ ጫፍ የገባው ሁሉ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ያነሰው ገና ከመግቢያው ነው። ውሃ በጎማ ውስጥ ሲያልፍ ከጎማው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ይህን መፋተግ መጻሕፍት ሰበቃ ይሉታል። ጎማው በረዘመ ቁጥር መፋተጊያው ይበዛል። የሚገፋው ኃይል ደግሞ ያው ስለሆነ፥ ውሃው ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ሙሉ በርሜል ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጧል እንበል። ከውሃው ላይኛ ገጽ እስከ ጎማው መውጫ ያለው ከፍታ 2 ሜትር ነው። ጎማው ባለ ግማሽ ኢንች፥ ርዝመቱ 25 ሜትር ነው። በስሌት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላው በ3 ደቂቃ ከሩብ ያህል ነው። ጎማውን 50 ሜትር ብናደርገው 5 ደቂቃ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ርዝመቱ እጥፍ ሆነ፤ ጊዜው ግን በግማሽ ያህል ብቻ ጨመረ።

አሁን ርዝመቱን 25 ሜትር ላይ እንተወውና ወርዱን እንለውጥ። በባለ ሦስት ሩብ ኢንች ጎማ ያው ጀሪካን በ1 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይሞላል! በባለ 1 ኢንች ደግሞ በግማሽ ደቂቃ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ርዝመቱን ይወቅሳል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ቅጥነቱ ነው።

ለምን? በቀጭን ጎማ ውስጥ አብዛኛው ውሃ ከግድግዳው አጠገብ ነው፤ ይያዛል። በሰፊው ውስጥ ግን መሀል መሀሉን ብዙም ሳይነካ የሚያልፍ ብዙ ውሃ አለ። ሦስት ሩብ ኢንች ከግማሽ ኢንች በዓይን ሲታይ ብዙም አይበልጥም። የሚያሳልፈው ውሃ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በፈረንሳይ አገር አንሪ ዳርሲ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ይህን ጉዳይ በልዩ ልዩ ቧንቧዎች ሞክሮ ውጤቱን በ1857 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እሱ የለካው ቧንቧ ቢሆንም፥ ሕጉ ለጓሮ ጎማም ይሠራል።

ይህ ለጎመኑ ምን ማለት ነው? በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። 40 ካሬ ሜትር ጓሮ ያለው ሰው 200 ሊትር፥ ማለትም 10 ጀሪካን ያስፈልገዋል። በርሜሉ እየተሞላ ከቆየ፥ በቀጭኑ ባለ 25 ሜትር ጎማ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆማል። በባለ ሦስት ሩቡ 11 ደቂቃ ይበቃዋል። የቧንቧ ውሃ ግፊቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ደቂቃው ሌላ ይሆናል፤ የቱ ጎማ ከየቱ ይሻላል የሚለው ግን አይለወጥም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፥ ፈረቃው ሳያልቅ የመጨረሻው መደብ መጠጣት አለመጠጣቱ በዚህ ይወሰናል።

ሰፊ ጎማ ግን ዋጋው ይወደዳል፤ ውሃ ሲሞላም ለመጎተት ይከብዳል። ገንዘብ ካጠረ አንድ ዘዴ አለ። 20 ሜትሩን ባለ ሦስት ሩብ ግዙ። በእጅ የምትጎትቱትን የመጨረሻውን 5 ሜትር ብቻ ቀጭን አድርጉት። መጋጠሚያውን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሁሉም ቀጭን ከሚሆን ይልቅ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ውሃ ታገኛላችሁ። ስትገዙም የውስጡን ቀዳዳ እዩ። ከውጭ ወፍራም መስሎ ውስጡ ጠባብ የሆነ ጎማ ሞልቷል።

ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትርፍ ጎማም ርዝመት ነው። ጓሮው 15 ሜትር ርቆ ሳለ 40 ሜትር ጎማ መቀጠል ውሃውን በከንቱ ማዞር ነው። አውራ ጣትን ጎማው አፍ ላይ ማድረግስ? ውሃው ርቆ ይረጫል፤ ሰውም ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል። የሚወጣው ውሃ ግን ያንሳል እንጂ አይበዛም። ለልጆች ጨዋታ ደህና ነው፤ ለጀሪካን መሙያ አይሆንም።

አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን ሞክሩ። የእጅ ሰዓት ወይም ስልክ ያዙ። መጀመሪያ ጀሪካኑን ያለ ጎማ፥ ከቧንቧው አፍ ሙሉ። ስንት ደቂቃና ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ በጎማው ጫፍ ሙሉና ከሥሩ ጻፉ። ሁለተኛው ቁጥር በጣም ከበለጠ፥ ጎማው ጠቦባችኋል፤ ወይም አንድ ቦታ ታጥፏል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ግን ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ቧንቧው ራሱ የሚሰጠው ያንኑ ያህል ነው፤ ሰፊ ጎማ ብትገዙም አንዲት ጣሳ አይጨምርላችሁም።