ስለ ኪስ ሰንጢና ስለ ባለቤቶቿ ነገር

በሰሜን ወሎ፣ በወልድያ ከተማና በሀብሩ ወረዳ፣ ይልቁንም የወረዳው ከተማ በሆነችው በመርሳ፣ ሰንጢ ከኪሱ የማይለይ ሰው ብዙ ነው። ሰንጢ ስንል ስለቷ ታጥፋ ወደ እጀታዋ የምትገባውን ታናሽ ቢላዋ ማለታችን ነው። በወገብ የሚታጠቁት ጩቤ፣ በሰገባ የሚኖረው ካራ፣ የቈላው ጎረቤታችን አፋር የሚታጠቀውም ጊሌ ለብቻቸው ናቸው፤ እነዚያ በሩቅ ስለሚታዩ የባለቤታቸውን ነገር አስቀድመው ያስታውቃሉ። ሰንጢ ግን ባለቤቷ ካላወጣት አትታይም። ስለዚህም በኬላና በበዓል ቦታ የሚፈትሽ ሰው ከጩቤው ይልቅ እርሷን ይጠራጠራል።

ይህች አገር የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ መርሳንና ወልድያን ያልፋል፤ ከወልድያም ወደ ምዕራብ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርስ ሌላ መንገድ አለ። ጦርነት በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ወልድያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን አስጨንቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። እንዲህ በሆነበት አገር ፍተሻ ቢበዛ ሹሞችን የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የገበሬውም፣ የካህኑም፣ የጎረምሳውም ሰንጢ ያለ አንዳች ጥያቄ በአንድ ሣህን ሲጣል አይተን፣ ባለቤቶቹ ቢጠየቁ ምን ይሉ ይሆን የሚል አሳብ መጣብን። ጠየቅናቸውም። የነገሩንን እነሆ እንጽፋለን።

አስቀድመን የጠየቅናቸው ቅኔ በዋድላ የተማሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ብራና የሚጽፉ አንድ መሪጌታ ናቸው። ሰንጢያቸውን ከመሐረብ ፈትተው አሳዩን። እጀታዋ የቀንድ ነው፤ ስለቷ ከመሳል ብዛት የተነሣ ቀጥና እንደ ሰንበሌጥ ሆናለች። ከመምህራቸው የወረሷት ናት። መምህሩ በሞቱ ጊዜ መጻሕፍቱ ለደብሩ፣ ደበሎው ለአንድ ድኻ ተማሪ ሲደርስ፣ እርሳቸው ሰንጢዋን ለመኑ። «መጽሐፍ ብቀበል አነበው ነበር፤ ይህችን ስቀበል ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ» አሉን። መቃውን የሚቀርጹት በእርሷ ነው፤ ጫፉን አሹለው መካከሉን ይሰነጥቁታል፤ ስንጥቁ የበዛ እንደ ሆነ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ያነሰም እንደ ሆነ አልወርድ ይላል። ለጥቁሩና ለቀዩ ቀለም ለየብቻው ብዕር ስለሚይዙ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀርጻሉ። ፊደል የተሳሳቱ እንደ ሆነ ቀለሙ እስኪደርቅ ይታገሡና ብራናውን በስለቷ ጫፍ ቀስ አድርገው ይፍቁታል፤ ብራና ቆዳ ስለ ሆነ ይህን ይችላል፣ ወረቀት ግን አይችልም።

በአንድ የበዓል ቀን ፈታሽ ተቀብሎ ሊጥላት ሲል፣ «ተው ልጄ፤ ይህች ጸሐፊ ናት» ቢሉት ስቆ መለሰላቸው። ሁሉ ፈታሽ እንዲህ ላይስቅ ይችላልና፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ከተማ ሲወርዱ ለደቀ መዝሙራቸው አስቀምጠዋት ይሄዳሉ።

የጸሐፊ ካራ በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀች መሆኗን ካህናት አንባብያን ያስታውሳሉ። በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ በ36ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረው፣ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ ሳለ፣ ባሮክ ከኤርምያስ አፍ የጻፈው ክርታስ ተነበበለት። ሦስት ወይም አራት ዐምድ በተነበበ ቍጥር ንጉሡ በጸሐፊው ካራ እየቀደደ ወደ እሳት ጣለው። ብዕር እንድትቀርጽ የተሠራችው ካራ መጽሐፍ ቀደደች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ሰጥቶት ባሮክ ያንኑ ቃል እንደ ገና ጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ባሮክ ለሁለተኛው ክርታስ ብዕሩን በምን እንደ ቀረጸ መጽሐፉ አልነገረንም፤ ያለ ካራ ግን ሊቀርጸው ባልቻለም ነበር።

ከመርሳ ወጣ ብሎ ያገኘናቸው ገበሬ ደግሞ ሰንጢያቸውን ያወረሷቸው አያታቸው ናቸው። አያታቸው ያገኟት ጣሊያን ከአገራችን በወጣበት በ1933 ዓ.ም. ወድቃ እንደ ሆነ ሲነገር ሰምተዋል። ሀብሩ የማሽላ አገር ነው፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዘሮች አንዱ በዚያው ወረዳ ባለችው በግራና ስም ተጠርቷል። ማሽላው የሚታጨደው በማጭድ ነው፤ ጥንቅሹን ልጣ ለልጆች የምታድል ግን ሰንጢ ናት። እኒህ ሰው ጥንቅሽ እየላጡ ሳሉ፣ የታሰረው በሬያቸው ከእርሻው አፋፍ ተንሸራቶ በአንገቱ ገመድ ተንጠለጠለ። ቋጠሮው በበሬው ክብደት ጠብቆ አልፈታ አለ። ማጭዱም መጥረቢያውም ከቤት ነበሩ። ሮጠው ገመዱን በሰንጢዋ ቢገዘግዙት፣ በሬው ከታችኛው እርከን ላይ ወድቆ ጥቂት ሲንፈራገጥ ቈየና ተነሣ። «ያን ቀን ይህች ባትኖር ዛሬ መከናጆ ፈላጊ ነበርሁ» አሉን። ጥንድ በሬ ለሌለው ሰው የሌላውን ጥማድ መለመን ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ገበሬ ብቻ ነው።

ሰንጢ ካላቸው ሰዎች ሁሉ የሰማነውን ብንጽፍ ገጹ አይበቃንም፤ አንዱን ግን ማለፍ አልሆነልንም። በዚያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ወደ ደሴ በሚሸሽበት ጊዜ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከመንገድ ዳር ምጥ ያዛት። አብረው ይሸሹ ከነበሩት መካከል አንድ የሀብሩ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። በወሎ በክርስቲያን ቤት ድግስ ሲሆን ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶች በግ ለብቻ ይታረዳል፤ እኒህም ሰው በሰፈራቸው ለዚሁ የሚጠሩ ስለ ሆኑ ስል የሆነች ሰንጢ ከኪሳቸው አትጠፋም ነበር። ሴቶቹ ሕፃኑን ከተቀበሉ በኋላ እትብት የሚቈርጡበት ቢያጡ እርሳቸውን ጠየቋቸው። ሽማግሌው «አብሽሪ ልጄ» ብለው ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ነገር ግን ወዲያው አልሰጡም። ያልጠራ ስለት እትብት ቢነካ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ አምጥቶ ሕፃን እንደሚገድል በጤና ጣቢያ ተምረው ነበርና፣ በጣሳ ውኃ አስጥደው ሰንጢዋንና ከነጠላ የተመዘዘውን ክር እስኪንተከተክ ድረስ ቀቀሉት። የሚሸሸው ሕዝብ «ቶሎ በሉ» እያለ ሲያልፍ፣ እርሳቸው ጣሳውን ትተው አልተነሡም። ከዚያ በኋላ ተቈረጠ። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ ዛሬ ይሮጣል። ሽማግሌው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች ሰንጢ ዶሮ እንኳ አላረዱም፤ ለዕርድ ሌላ ቢላዋ ገዙ። ስለ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ «እንዲያው» ብለው ዝም አሉን።

አሁን ደግሞ በገበያ ላይ ስለ በዛችው ስለ አዲሷ ሰንጢ እንናገር። ታጥፋ የምትገባ ቢላዋ ጥንታዊ ናት፤ በአውስትሪያ አገር ሃልሽታት በሚባል ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ6ኛው መቶ ዓመት የተሠራች ተገኝታለች፤ ሮማውያንም ይሠሯት ነበር። በኋላ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም.፣ ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የሳቯ ሰው እጀታዋ እንጨት የሆነችውን የባላገር ሰንጢ ሠራ፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ የስዊስ ሠራዊት ሰንጢ ካርል ኤልዜነር ከተባለው ባለ ሙያ መረከብ ጀመረ። እነዚህን ክፍት አድርጎ የሚይዝ መቆለፊያ ስላልነበረባቸው፣ ሰው ኀይል ሲጨምር ስለቷ ተመልሳ ጣቱን ትቈርጠው ነበር። ኦፒኔል ስለቷን የሚቆልፍ ቀለበት የጨመሩባት በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ1981 ዓ.ም. በአሜሪካ ስፓይደርኮ የተባለው ፋብሪካ በስለቷ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በአንድ እጅ አውራ ጣት እንድትከፈት፣ በመቈንጠጫም ከኪስ ጠርዝ እንድትንጠለጠል አደረጋት። ዛሬ ነጋዴዎች «ታክቲካል» እያሉ የሚሸጧት፣ ማለትም ለውጊያ ስልት ተዘጋጀች የሚሏት፣ የዚህች ልጅ ናት። ከእጀታዋ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ስለቷ ስትከፈት ከኋላዋ ገብቶ ይደግፋታል፤ በጣት ካልገፉት በቀር አትታጠፍም። ሕዝባችን «ታጣፊ» ሲባል አስቀድሞ የሚያስበው ክላሽን ስለ ሆነ፣ ይህ ስም ለሰንጢዋ ሌላ ግርማ ሳይጨምርላት አልቀረም።

እንዲህ ያለችውን ሰንጢ ሁሉ ለክፋት የተሠራች ናት ማለት አይገባም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ነጂ፣ በዓረብ አገር በሠራተኝነት ከነበረች እኅቱ የተላከችለትን አሳይቶናል። እኅቱ ከመጀመሪያው ደመወዟ ቀንሳ ገዝታ ስለ ላከችለት «ደመወዟ» ብሎ ይጠራታል። በዝናም ቀን አንድ ታናሽ መኪና ከፊቱ ተገልብጦ ሰውየው በመቀመጫው ቀበቶ ታንቆ ባገኘው ጊዜ፣ ነጂው በአንድ እጁ የሰውየውን ራስ ደግፎ በሌላው እጁ ሰንጢዋን ከፈተና ቀበቶውን ቈረጠው። ሁለት እጅ የምትፈልግ ሰንጢ ብትሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በአንድ እጅ የመከፈቷ ጥቅም ይህ ነው።

የአገራችን ባለ እጆች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው ጥሩ ካራና ማጭድ ያወጣሉ፤ ታጣፊውን ግን ሞላውና ማያያዣው ስለሚያስቸግር በብዛት አይሠሩትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያሉ መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከገጠር ቶሎ አልወጣም። ሙያቸው ተከብሮ ቢሆን ኖሮ የወልድያ ሰንጢ በወልድያ በተሠራች ነበር እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በወልድያ ያነጋገርነው ጎረምሳ ነው። ሰንጢው ስለቷ ጥቁር፣ እጀታዋ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት፣ ከመሪጌታው ሰንጢ ሦስት እጥፍ የምትከብድ ናት። ምን እንደ ቈረጠባት ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «ምንም» አለ። ታዲያ ለምን ያዝሃት ብንለው፣ «እንዲፈሩኝ ነው፣ አባ» ሲል መለሰ። ቈየት ብሎም በአንድ ፑል ቤት በጨዋታ ጠብ ተነሥቶ ሊያስፈራራባት ከፍቷት እንደ ነበረ፣ አብሮ አደጉም ሊነጥቀው ስለቷን ጨብጦ ሁለት ጣቶቹ እንደ ተበጠሱና ዛሬም አልታጠፍ እንዳሉት አጫወተን። ሲነግረን ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። ሰንጢዋን ግን አልጣላትም፤ እኛ እያነጋገርነውም በአውራ ጣቱ ይከፍታትና ይዘጋት ነበር።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቍጥር 556 ቀላል የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው ገዳይ መሣሪያ ወይም ለማቍሰል የሚችል ሌላ ነገር ተጠቅሞ የተገኘ እንደ ሆነ ቅጣቱን ያከብድበታል። እንግዲህ ጎረምሳው በስለቷ ያደረገውን የሚዳኝ ሕግ አለ። በፑል ቤትና በመጠጥ ቤት በር ጠበቅ ያለ ፍተሻ ቢደረግ፣ ነጋዴውም የራስ ቅል የተሣለባትን ስለት ለልጅ እንዳይሸጥ ቢከለከል፣ እኛ የምንደግፈው ነው። የገበሬው፣ የጸሐፊውና የነጂው ሰንጢ ግን የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነች በኬላ ከተወሰደች ባለቤቷ ሌላ ለመግዛት ይገደዳል፤ በገበያ የሚያገኘውም ያንኑ ጥቁሩን ነው። በዚህ ዓይነት ፍተሻው ራሱ አሮጌዎቹን ሰንጢዎች አጥፍቶ አዲሶቹን ያበዛል።

አንድ የበዓል ቦታ ጠባቂ የሠራውን ዘዴ ሹሞች ሊመለከቱት ይገባል። ይህ ሰው በበሩ ቅርጫት አስቀምጦ፣ በእያንዳንዷ ሰንጢ ላይ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር እያሰረ፣ ለባለቤቷም የዚያኑ ቍጥር ካርኒ እየሰጠ ያስገባል። ምን እንደምትሠራም በአጭር ይጠይቃል፤ መልሱ ያላጠገበውን ሰው ፖሊስ እንዲያነጋግረው ያደርጋል። ሲወጡ ሁሉም ካርኒያቸውን እያሳዩ ይቀበላሉ። ክሩንና ወረቀቱን የሚገዛው ከገዛ ኪሱ እንደ ሆነ ሰምተናል፤ ይህን ወጪ መሥሪያ ቤቱ ቢችልለት ከባድ አይሆንም።