መዝገብ ቤቱ ይቅር ወይስ ይቆይ?

በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብዳቤ ከበር ተነሥቶ በቀጥታ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አያርፍም። መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ተላላኪ ይዞት ይሄዳል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የኮምፒውተሩ መዝገብ ቤት ከርነል ይባላል። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ግን ከእርሱ ውጭ፣ የተጠቃሚ ክልል በሚባለው ስፍራ ይቀመጣሉ።

በኔትዎርክ የሚመጣ መልእክት በትንንሽ ፓኬቶች ተከፍሎ ይደርሳል። ከርነሉ እያንዳንዱን ፓኬት ይመረምራል፤ ባለቤቱን ይለያል፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅም ገልብጦ ያስረክባል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። እስቲ እናስላው። በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር እጅግ ትንንሾቹ ፓኬቶች ቢጐርፉ፣ በሴኮንድ 14.88 ሚሊዮን ይሆናሉ። ለአንዱ የሚደርሰው 67 ናኖሴኮንድ ነው። ይህም በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር 200 ምት ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የከርነል አሠራር በአንድ ኮር ይህን ሊወጣው አይችልም።

ስለዚህ አንዳንድ መሐንዲሶች «መዝገብ ቤቱን እንለፈው» አሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ኢንቴል የጀመረው ዲፒዲኬ ለዚህ የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ ደወል ሳይጠብቅ፣ ፓኬቱን ከኔትዎርክ ካርዱ ራሱ ይቀበላል።

ታዲያ ዋጋው ምንድን ነው? ለዚህ ሥራ የተመደበው ኮር ፓኬት ቢመጣም ባይመጣም ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ደብዳቤ በሌለበት ቀን እንኳ በሩን እየከፈተ ሲያይ እንደሚውል ሠራተኛ ማለት ነው። ከርነሉ በነጻ ይሰጥ የነበረው ጥበቃና የቲሲፒ አገልግሎትም ይቀራል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ሌላ ሊፈልግለት ይገደዳል።

የሊኑክስ ሰዎችም ዝም አላሉም። በ2016 ኤክስዲፒ የተባለውን መንገድ ከከርነሉ ጋራ አወጡ። አስቀድሞ ተመርምሮ የታመነ አጭር ፕሮግራም በከርነሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ፓኬቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይጣል ወይም ይለፍ ብሎ ይወስናል። በ2018 የታተመ ጥናት በአንድ ኮር በሴኮንድ እስከ 24 ሚሊዮን ፓኬት ማስተናገዱን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ዲፒዲኬ በፍጥነት በልጧል፤ ኤክስዲፒ ግን የከርነሉን ጥበቃ ሳይለቅ ነው የሮጠው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የትኛውን ይመርጣሉ? ሥራዎ የሚሊዮኖችን ፓኬት ጐርፍ ማስተናገድ ከሆነ፣ ከርነሉን ማለፍ ያዋጣ ይሆናል። ተራ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ከሆነ ግን፣ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ቤቱ ሳይሆን ከኃላፊው ጠረጴዛ ነው፤ ማለትም ከራሱ ከፕሮግራሙ። ደኅና ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም። እርስዎም መዝገብ ቤቱን ከመዝጋትዎ በፊት፣ ደብዳቤው የት እንደሚያድር ይለኩ።