ከእድሩ በፊት ያሉት ወራት

በጉና ተራራ ዙሪያም ሆነ በጋይንት ደጋ ሰው ሲያርፍ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ጥሩምባ ይነፋል፤ እድሩ ይሰበሰባል፤ ካህናት ለጸሎተ ፍትሐት ይጠራሉ። ከዚያ በፊት ያሉት የሕመም ወራት ግን ተረካቢ የላቸውም። ካንሰር የጸናበት አባት ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሸክሙን የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሚስት ወይም አንዲት ልጅ ናት።

የማስታገሻ ሕክምና የሚባለው በሽታውን ማዳን ባይቻል እንኳ ሥቃዩን፣ የትንፋሽ ማጠሩንና ጭንቀቱን የሚያቀልል እንክብካቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች የሚያገኙት 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጎበኛል። ክረምት ሲገባ መንገዱ በሚቆረጥበት ደጋ ግን ነርስ በየሳምንቱ ትደርሳለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሕንድ አገር፣ እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የማላንካራ ኦርቶዶክስ ባለችበት በኬራላ፣ ይህን ክፍተት የሞሉት ሠልጥነው ከነርሶች ጋር የተሰለፉ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእኛም ዘንድ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ጎረቤት አለ። የሚቀረው ያው ጎረቤት በሽተኛው ከተመለሰ በኋላም ደጁን እንዲያንኳኳ ማደራጀት ነው።

የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ሐኪም መሆን አይደለም። አልጋ ላይ የዋለውን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጡ ጀርባው እንዳይቆስል መጠበቅ፣ አፉን በንጹሕ ውኃ ማርጠብ፣ አስታማሚዋ ግማሽ ቀን እንድታርፍ መተካት፣ ሕመሙ ሲብስም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ነው። የመድኃኒቱን መጠን ፈጽሞ አይለውጥም።

ካህናት አባቶች ልብ እንዲሉት የምንሻው አንድ ጉዳይ አለ። ለጽኑ ሥቃይ የሚታዘዘው የሚጠጣ ሞርፊን ኃይሉ 4 ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፤ ስለዚህ ሥቃዩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መወሰድ አለበት። በዐቢይ ጾም ግን እስከ 9 ሰዓት የምትጾም እናት የጠዋቱን ትተወዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ትሠቃያለች፤ ለልጆቿም አትናገርም። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርጋል፤ ይህን ግን ከነርስ ብትሰማው አትቀበለውም፤ ከነፍስ አባቷ ካልሆነ በቀር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለሥቃይ ማስታገሻውም እንዲሁ ያለ ቃል ያስፈልገዋል። በሐኪም ትእዛዝ በልኩ የተወሰደ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሆድን ግን ያደርቃል፤ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን በጎ ፈቃደኛው ይጠይቅ።

መጻጉዕ 38 ዓመት ሲተኛ የጎደለው ውኃው አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው እንጂ።

ሰበካ ጉባኤያት ከዚህ ክረምት በፊት በየጎጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢመርጡ፣ ሥልጠናውንም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ መልካም ነው። ሴቷን የምንለው በምክንያት ነው፤ ሕመምተኛ እናት ገላዋን በወንድ እጅ አታስነካም። የሰንበቴ ማኅበራት ደግሞ ለነዚህ ቤቶች ሳሙናና አሮጌ ነጠላ ማዋጣት አይከብዳቸውም። ሕመምተኛው ሲያርፍ የተረፈው ሞርፊን ለሌላ በሽተኛ አይሰጥም። በጎ ፈቃደኛው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ወደ መጣበት ጤና ተቋም ይመልሰዋል።