ሁለት ዘበኛ በአንድ በር

ታላቅ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አምና ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ ሰነፈ፤ ንግግሯም ተያዘ። የሚነገራትን ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ መልሱ ግን ከአፏ አይወጣም። በስልክ ብንገናኝ እኔ ብቻዬን ስለፈልፍ እውላለሁ እንጂ ጨዋታ የለም። እትዬን ማየት አለብኝ፤ ዓይኗን፣ የከንፈሯን ጥግ፣ የምታነሣውን እጅ። ልጄ ይህን አይታ ካሜራ ያለው ኮምፒዩተር ገዛችልኝ፣ የቤት ኢንተርኔትም አስገባችልኝ። እኔ የምይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ዓይኔም ለትንሽ ስክሪን አይመችም። እሑድ እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ እዚያ እኩለ ቀን ሲጠጋ፣ እንተያያለን። ከ30 ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያይ የኖረ ዓይን ዝም ብሎ አያይምና፣ ጣቶቿ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ በየሳምንቱ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።

ሰሞኑን ታዲያ አንድ ዓርብ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስከፍት ምንም ገጽ አልከፍት አለኝ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ግን ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ “አልተገኘም” ይላል። እኔም አብዛኞቻችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ መስመሩን ረገምኩ። ሞደሙን ከዲቫይደሩ ነቅዬ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቆይቼ ሰካሁት። መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። 994 ደውዬ ስጠይቅ መስመሩ ደህና መሆኑን ነገሩኝ። አላመንኩም።

እዚህ ላይ አንድ የሞኝነት ሥራ ልሠራ ነበርና ልናዘዝ። ሞደሙ ጀርባ ላይ ጫፉ የሾለ ነገር የምታስገባ ቀዳዳ አለች። መርፌ መያዝ ልማዴ ነውና መርፌ አንሥቼ ልወጋት ስል የበር ደወል ተጮኸና ተውኩት። ለካስ ያቺ ቀዳዳ ሞደሙን አጥፍቶ ማብሪያ አይደለችም። ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ሲይዟት በውስጡ የተሞላውን ሁሉ፣ መስመሩን የሚያስከፍተውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር፣ ታጠፋለች። ያን ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም ነበር። ነቅሎ መሰካት ጉዳት የለውም፤ ቀዳዳዋን ግን አትንኳት።

እሑድ መጣ፣ አለፈ። ማታ የእህቴ ልጅ በስልክ ደወለች። “አክስቴ፣ ምን ሆንሽ? እማዬ እኮ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀችሽ። ልንሸፍነው ስንል እጃችንን ትገፋለች” አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የልጅ ልጄ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የመጣው በማግሥቱ ሳይሆን ቅዳሜ ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩን ከቤታችን ዋይፋይ ጋር አገናኘና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ቪዲዮው ያለ ምንም ችግር ሄደ። “እምዬ፣ መስመሩም ሞደሙም ጤነኛ ናቸው። የታመመው ኮምፒዩተሩ ነው” አለኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ያልገባኝ በግማሽ ደቂቃ አለቀ። እንግዲህ እናንተም ቤት እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን፤ የጎረቤትም ቢሆን ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሞክሩ። እሱም ካልሠራ ነገሩ ከሞደሙ ወይም ከመስመሩ ነው። እሱ ሠርቶ ኮምፒዩተሩ ብቻ እምቢ ካለ ማንንም አትርገሙ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን አሳፈረኝ። “ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገበት?” አለ። ይህ እኮ የእኔ ጥያቄ ነው! ተማሪ ነርሶችን “በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊት ታሪኩን ያዙ” እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ ቤቴን በሽተኛ ታሪክ አልያዝኩም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣ ፀረ ቫይረስ ነበረው። የአንድ ዓመት ጊዜው አለቀና በየቀኑ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣብኝ ጀመር፤ “አደጋ ላይ ነዎት፣ ይክፈሉ” ይላል። ፈራሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ መልካም ልጅ ነው፣ “ሲስተር፣ አይጨነቁ፣ እኔ ነፃውን አመጣልዎታለሁ” ብሎ ሐሙስ ማታ በፍላሽ ሌላ ፀረ ቫይረስ አምጥቶ ጫነልኝ። ክራክ የተደረገ ነው። ሲጭነው “መጀመሪያ መከላከያውን አጥፉ” የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር፤ አጠፋው። ዓርብ ጠዋት ኢንተርኔቱ የለም። ልጁ ለበጎ ያደረገውን ከችግሩ ጋር ለማገናኘት ሐሳቤ አልሄደም።

የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ፀረ ቫይረስ የሚባለው ፋይል ብቻ አይፈትሽም። ብዙዎቹ ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውንም በር ላይ ቆመው ይፈትሻሉ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ የፈተሸውን ሌላው እንደገና ይይዘዋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ቫይረስ ሥራ ሊጠረጥረውም ይችላል። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ካልተነቀለ ከበሩ ላይሄድ ይችላል። እንግዲህ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ ያልከፈተው ለዚህ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ እስከ ሞደሙ መንገዱ አለ፣ በሩ ላይ ግን ሁለት ዘበኛ ተያይዟል።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። በሽተኛው ከአንድ ክሊኒክ ለራስ ምታት፣ ከሌላው ለትኩሳት መድኃኒት ይዞ ይመጣል። የፓኬቱ ስም ይለያያል፣ ውስጡ ግን ሁለቱም ፓራሲታሞል ነው። “ሁለት ስለሆነ ቶሎ ያድነኛል” ብሎ ይወስዳል፣ ጉበቱን ይጎዳል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ለማረጋገጥ የሁለተኛውን የኢንተርኔት መፈተሻ ለጥቂት ደቂቃ አጠፋው። ገጹ ተከፈተ! “በቃ፣ እንደዚሁ ይቆይ፤ ነገ እሑድ ነው” አልኩ። የልጅ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና “እምዬ፣ ጓንት ሳታደርጊ ቁስል ትነኪያለሽ?” አለኝ። ዝም አልኩ።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። መጀመሪያ ሁለቱንም ከሴቲንግስ ውስጥ፣ ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ገብቶ፣ አንዱን ነቅሎ ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሣ፤ ከዚያ ሌላውን። ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል መደምሰስ ፕሮግራሙን መንቀል አይደለም፤ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ ወጡ፣ ገጽ ግን አሁንም የለም። ፀረ ቫይረስ ሲነቀል አንዳንዴ በሩ ላይ የተከለው ማጣሪያ ሥሩ ይቀራል። ለዚህ ብዙዎቹ የፀረ ቫይረስ ሠሪዎች የራሳቸው ማጽጃ አላቸው፤ የልጅ ልጄ ከሠሪው ድርጅት ገጽ ላይ በስልኩ አውርዶ በገመድ አሻገረው። በመጨረሻ ኔትወርክ ሪሴት የሚባለውን ተጫነ። ይህ የዋይፋይ የይለፍ ቃላችሁንም ያስረሳል፤ አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉት። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሁሉም ተከፈተ።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። የእኔ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11 ነው፤ ይህ ከነጠባቂው ነው የሚመጣው፣ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። ሌላ ፀረ ቫይረስ ሲገባ እሱ ገለል ይላል፤ ሌላው ሲወጣ ራሱ ይመለሳል። ክፍያ የለውም። እኔ ያን ቀይ ማስጠንቀቂያ ፈርቼ የተሯሯጥኩት ለካ ቤት ውስጥ ዘበኛ እያለኝ ነው። ሙሉ ፍተሻ ስናስደርገው ከጎረቤት ልጅ ፋይሎች አንዱን ያዘ። የልጅ ልጄ ያኔውኑ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል አስቀየረኝ፤ ክራክ የተደረገ ነገር ውስጥ የሰው ቃል የሚሰርቅ ሊደበቅ ይችላልና። ለጎረቤት ልጅም እንዳይከፋው አድርጌ ነገርኩት፤ እሱም ቤት ይኸው ፕሮግራም ነበር።

አንድ ነገር ላስታውስ፣ ከዚህ ጋር ስለሚምታታ። አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ኮምፒዩተሯ ባትሪው ደክሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። እሷም ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አይታ ዓመቱን 2017 ብላ ሞላችው። ከዚያ ባንኩም ኢሜይሉም “ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም” እያለ መለሳት። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የተጠበቀ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ በራሱ ቀን ያመሳክረዋል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። እሷም ፀረ ቫይረሱን ልታስነቅል ነበር! ቀኑን በፈረንጁ አቆጣጠር ስታስተካክል ዳነ።

በማግሥቱ እሑድ 1 ሰዓት ሳይሞላ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄ ከጎኔ ነው። እትዬ ስትመጣ መጀመሪያ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ተቀይማለች። እኔም ለምን እንደጠፋሁ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የሁለቱ ዘበኞች ታሪክ ላይ ስደርስ የከንፈሯ ግራ ጥግ ተነሣ፣ ከዚያ በጥቂቱ ቀኙም። ደብተሬን አነሣሁና ቀኑን ጻፍኩ።