በተሸናፊ ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝ በምን ይመዘናል?

አንባቢዬ ሆይ፣ ለጥቂት ጊዜ በዳኝነት ወንበር ይቀመጡልኝ። ዘመኑ 2013 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። በራግቢ ጨዋታ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ለመባል አምስት ሰዎች ታጭተዋል። ከነዚህም የሁለቱ ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም በጀርባቸው 8 ቍጥርን ይለብሳሉ። አንደኛው ኪራን ሪድ የሚባለው የኒው ዚላንድ ሰው ሲሆን፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት 14 ጊዜ ተጋጥሞ 14ቱንም አሸንፏል። ሁለተኛው የኢጣልያ አምበል ሰርጂዮ ፓሪሴ ነው፤ የሱ ቡድን በዚያው ዓመት ካደረጋቸው ግጥሚያዎች ከግማሽ የሚበልጡትን ተሸንፏል። ሽልማቱን ለማን ይሰጡታል?

የተሰጠው ለሪድ ነው። አይገባውም ነበር ለማለት አይደለም፤ ድንቅ ተጫዋች ነበር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ማልያቸውን ተለዋውጠው ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ያው ይሆን ነበርን?

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ ጥቂት ላስረዳ። እያንዳንዱ ቡድን 15 ሰው ያሰልፋል። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፤ ለጓደኛ በእጅ ሲያቀብሉት ግን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ መጣል የተፈቀደ ነው። አንዳንድ ጥፋት ሲደረግ ደግሞ ከየወገኑ ስምንት ስምንት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቈላልፈው ይገፋፋሉ፤ ይህን ስክረም ይሉታል። 8 ቍጥር ከዚህ ግፊያ በስተኋላ ሆኖ፣ ከእግሩ ሥር የደረሰውን ኳስ አንሥቶ የሚሮጠው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፊቱ ያሉት ሰባቱ እየገፉ ከሄዱ፣ 8 ቍጥር ኳሱን ተረጋግቶ ያነሣል፤ ተከላካዮቹም እያፈገፈጉ ስለ ሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ሰባቱ ከተገፉ ግን ኳሱን የሚያነሣው በሚንሸራተት መሬት ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ቀና ሳይል ሁለት ሰው ይወድቅበታል። ያው ሰው፣ ያው ጕልበት፣ ያው ብልኃት፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሃያ ሜትር ሲሮጥ፣ በሁለተኛው ሁለት ሜትር ቢያገኝ ተመስገን ነው።

ቍጥር ይፍረደን የሚሉ አሉ። ቍጥርም ቢሆን ያታልላል። በ2007 በካርዲፍ ከተማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይ ኒው ዚላንድን 20 ለ 18 ስትረታ፣ ፈረንሳዊው ቲዬሪ ዱሶቷር ብቻውን 38 ጊዜ ተጋጣሚ ይዞ እንደ ጣለ ተቈጠረለት። ያስደንቃል! ነገር ግን ይህን ያህል የሚጣል ሰው የተገኘው ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በኒው ዚላንዶች እጅ ስለ ነበረ ነው። ኳስ በማይለቅ ቡድን ውስጥ ቢሆን ኖሮ 38 ሰው ከየት ያመጣ ነበር? እንደዚሁም በመስመር ዳር የሚሮጠው ተጫዋች ብዙ ነጥብ ሲያገባ፣ ኳሱ እሱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የለፉት ሰዎች ስም አይነሣም። (እኔ አስተማሪ ነኝና ይህ ችግር እንግዳ አይሆንብኝም። አምስት ተማሪዎች ተባብረው አንድ ሥራ ሲያቀርቡልኝ፣ በርግጥ የሠራው ማን እንደ ሆነ ከወረቀቱ ላይ አንብቤ አላውቅም።)

በኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው መመዘኛ ተጫዋቹን ከሌሎች ሰዎች ጋራ አሰልፎ ማየት ነው። ለዚህም ራግቢ የታደለ ጨዋታ ነው። በየአራት ዓመቱ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ምርጥ ምርጦቹ ተውጣጥተው፣ «አንበሶች» ተብለው በአንድ ማልያ ወደ ደቡቡ የዓለም ክፍል ይዘምታሉ። ስኮትላንድ የኤውሮጳ ታላላቅ የራግቢ አገሮች በየዓመቱ የሚያደርጉትን ሻምፒዮና ከ1999 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንድ ጊዜም አላገኘችም። ነገር ግን በ2025 አንበሶቹ አውስትራልያን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ በሦስቱም ግጥሚያ 10 ቍጥር ለብሶ ጨዋታውን የመራው የስኮትላንዱ ፊን ረስል ነበረ። ፓሪሴም ቢሆን ስታድ ፍራንሴ በሚባለው የፓሪስ ክለብ በ2007 እና በ2015 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጡት ከጎኑ የቆሙት ናቸው።

የመራጮችም ዓይን ሁልጊዜ በአሸናፊው አይታወርም። በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሳይ በኒው ዚላንድ 8 ለ 7 ስትሸነፍ፣ የዓመቱ ምርጥ የተባለው የተሸናፊዎቹ አምበል ዱሶቷር ነው።

ይሁን እንጂ ለተሸናፊ ጀግና ማዘን ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በ2016 በፓሪስ ፈረንሳይ ኢጣልያን 23 ለ 21 እየመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፓሪሴ ኳሱን መሬት አንጥሮ ወደ ግቡ መታው፤ ሳተ። ይህ አመታት የ8 ቍጥር ሥራ አይደለም። ባለሙያ በሞላበት ቡድን ውስጥ ያደገ ሰው ለባለሙያው ያቀብለው ነበር፤ ፓሪሴ ግን ለብዙ ዓመታት የሌላውን ጕድለት ሲሞላ የኖረ ነውና ያንንም እኔው ልወጣው አለ። ይህን ጥፋት እኔ ግማሹን በሱ፣ ግማሹን ባሳደገው ኑሮ ላይ እቈጥረዋለሁ። ያም ሆኖ በ2013 ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ድምፄን ለሱ እሰጥ ነበር።

ፓሪሴ ለኢጣልያ 142 ጊዜ ተሰልፎ፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ተሸንፏል። በ2019 በጃፓን አምስተኛውን የዓለም ዋንጫውን ሲጫወት፣ የምድቡ የመጨረሻ ግጥሚያ ሪድ አምበል ከሆነለት ከኒው ዚላንድ ቡድን ጋራ ነበረ። ግጥሚያው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ብርቱ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለና ተሰረዘ፤ በመዝገቡም ላይ 0 ለ 0 ተብሎ ተጻፈ።