ተጨማሪ መረጃ፦ ሼክስፒር ተምሮበታል የሚባለው ትምህርት ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ በስትራትፎርድ አፖን ኤቨን ከተማ የሚገኘው የንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ትምህርት ቤት ታሪኩ ከመካከለኛው ዘመን ይጀምራል። በመጀመሪያ ልጆችን ያስተምር የነበረው የቅዱስ መስቀል ማኅበር የተባለ የምእመናን ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1547 ፈረሰ። በ1553 ግን ወጣቱ ንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ፣ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ትምህርት ቤቱ እንዲቀጥልና መምህሩ በዓመት 20 ፓውንድ ከመኖሪያ ቤት ጋር እንዲያገኝ በቻርተር ደነገገ።

ዋናው ትምህርት የላቲን ሰዋስው ነበር፤ ልጆቹ ከማለዳ ጀምሮ በቃላቸው ያጠኑ ነበር። የዘመኑ የተማሪዎች መዝገብ ስላልተረፈ ዊልያም ሼክስፒር እዚህ ለመማሩ የጽሑፍ ማስረጃ የለም። ይሁን እንጂ አባቱ ጆን የከተማው ሹም ስለነበሩ ልጃቸው በነጻ መማር ይችል ነበር፤ ተውኔቶቹም በላቲን ትምህርት የተሞረደ አእምሮ ያሳያሉ። ግምቱ አሳማኝ ነው። ከዚህም የሚደንቀው፣ ከመማሪያ ክፍሉ ሥር ባለው አዳራሽ ተጓዥ ተዋንያን ትርኢት ያቀርቡ የነበረ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የመጡት አባቱ ሹም በነበሩበት ዘመን ነው።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በከፍተኛ ክፍሎቹ ሴት ተማሪዎችን ይቀበላል።